ሲሰበር መሰብሰብ ወይስ ሳይሰበር ማዋጣት?

በጋራ መኖሪያ ቤት የምንኖር ሰዎች ለሳሎናችን መጋረጃ ቀለም ለመምረጥ ቤተሰብ ሰብስበን እንመካከራለን። ከበራችን ውጭ ስላለው ደረጃ፣ አምፖል፣ የውሃ ፓምፕና የፍሳሽ ጉድጓድ የምንነጋገረው ግን አንዱ ሲበላሽ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ንግግሩ ምክክር መሆኑ ይቀርና ጭቅጭቅ ይሆናል። ሽታው ከጓሮ እየመጣ ኮሚቴው በየበሩ እየዞረ «ዛሬውኑ አምስት መቶ ብር አምጡ» ይላል። አንዱ ይሰጣል፤ አንዱ «ነገ» ይላል፤ አንዱ ደግሞ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እየጮኸ በሩን አይከፍትም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሰፈር ሰው ዛሬም «ሲስተር» ብሎ ነው የሚጠራኝ። «ሲስተር ስለ ደም ግፊት ትጻፍ እንጂ ስለ መዋጮ ምን አገባት?» የሚለኝ አይጠፋም። ለእኔ ግን ሁለቱ አይራራቁም። በጤና ጣቢያ ሳገለግል ክረምት በገባ ቁጥር በተቅማጥና በታይፎይድ የሚመጡትን ልጆች እናቶች እጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ ቤታቸውን አጽድተው፣ ዕቃቸውን አጥበው የሚኖሩ ናቸው። ችግሩ የነበረው ከበሩ ወዲያ ነው፤ ሁሉም የሚረግጠው፣ ማንም «የእኔ ነው» የማይለው ቦታ ላይ። በጨለማ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንቶችንም አስታምሜያለሁ። የአንድ አምፖል ዋጋና የዳሌ ስብራት የሚያስከትለው የወራት አልጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። በሙያችን መከላከል የምንለው ማለት ነው። ለጋራ ንብረት መከላከል ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ጥያቄው ማን ይክፈል፣ ስንት ይክፈል፣ ማንስ ይወስን የሚለው ነው።

ቁልፉን ስንረከብ ያልቆጠርነው ሒሳብ

በ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲካሄድ የተሰለፍን ሰዎች አንድ ሒሳብ ጠንቅቀን እናውቅ ነበር። ሃያ በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ ሰማንያ በመቶ የባንክ ብድር። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚሉት ቁጥሮች የየቤቱ ወሬ ነበሩ። ዕጣው ሲወጣ እልልታው ቀለጠ። ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ እያልን ዕቃችንን ጭነን ገባን። ቤቱን ለመግዛት የሚያስፈልገውን ሳንቲም ቆጠርን፤ ቤቱን ለማቆየት የሚያስፈልገውን ግን የቆጠረ ጥቂት ሰው ነው።

ሕጉ ግን ቀድሞ አስቦበታል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው የግል የሆነው ቤታችን ነው። ሁለተኛው በጋራ የምንይዘው ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ቧንቧው፣ ግቢው። ይህን የጋራ ንብረት የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር የሕግ ሰውነት አለው፤ የጋራ ወጪውን ደግሞ ባለቤቶች እንደየድርሻቸው ይሸፍናሉ። ስለዚህ ቤት ስንገዛ የገዛነው አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም። የጣሪያ ቁራጭ፣ የፓምፕ ቁራጭ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የፍሳሽ ጉድጓድ ቁራጭም ገዝተናል።

በእኛ ብሎክ የሆነው

ከሁለት ክረምት በፊት የብሎካችን የፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ ገነፈለ። ብሎካችን ሠላሳ ቤት ነው፤ ምድር ቤቱን ጨምሮ በአምስት ወለል ስድስት ስድስት ቤት። ፍሳሹ የወጣው ምድር ቤት ባለችው ስቱዲዮ በር ላይ ነበር። እዚያች ቤት ውስጥ የሦስት ሳምንት አራስ ተኝታለች። ልጁን አቅፌ ወደ እኔ ቤት ሳወጣ ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ሰው የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሲለቅ ቧንቧው ውስጥ ይሰማኝ ነበር። የሚሞላው ከላይ ነው፤ የሚፈስሰው ግን ከታች ነው።

በዚያ ቀን ገንዘብ ተለመነ። ከሠላሳው ቤት የሰጠው አሥራ ሰባቱ ነው። ፍሳሽ የሚያነሳው መኪና መጥቶ ሁለት ጊዜ አመላለሰ፤ ገንዘቡ ስላለቀ ጉድጓዱ በግማሽ ቀረ። ሁለት ወር ሳይሞላው እንደገና ገነፈለ። የከፈሉት አሥራ ሰባቱ «እኛ ሁለተኛ አንከፍልም» አሉ። ያልከፈሉት ደግሞ «የመጀመሪያው ምን ላይ ዋለ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ከሽታው ይልቅ ጎረቤቱን አራራቀው።

በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሁሉም እውነት የሚመስል ምክንያት ነበረው። የምድር ቤት ነዋሪ «ደረጃ አልወጣም፣ ለደረጃ መብራት ለምን እከፍላለሁ?» አለ። የላይኛው ፎቅ ባለቤት «ጣሪያው የሚያፈስሰው እኔ ላይ ነው፣ እናንተ ስታዋጡ አላየሁም» አለ። ባለ ሦስት መኝታው «ሁላችንም እኩል እንክፈል» ሲል ባለ ስቱዲዮዋ «የእርስዎ ቤት የእኔን ሦስት እጥፍ ነው» ብላ መለሰች። ተከራዩ «ባለቤቱን ጠይቁ» አለ፤ ባለቤቱ በስልክ «ተከራዩ ነው የሚጠቀመው» አለ። ሦስት ሰዓት ተጨቃጭቀን በባዶ እጅ ተለያየን።

ይህን ጭቅጭቅ በአእምሮዬ ይዤ ነበር ልጄን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ የሄድሁት።

ሳንዲያጎ የደረሰ ፖስታ

ልጄ የምትኖረው በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ከተማ ነው። ትንሽ ቤት አላት። እዚያ በቆየሁባቸው ወራት አንድ ወፍራም ፖስታ መጣላት። የመንገድ ዳር ዛፎችን፣ የእግረኛ መንገዱን ጽዳትና የሰፈሩን ተጨማሪ መብራቶች ለመንከባከብ የሰፈሩ ባለ ንብረቶች በየዓመቱ ገንዘብ ማዋጣት ይፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቅ የድምፅ መስጫ ነበር። ልጄ እየተረጎመችልኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብነው። እኛ ሦስት ሰዓት የተጨቃጨቅንበት ነገር እዚያ ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ተቀምጧል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማው ለሁሉም ሰፈር መሠረታዊ አገልግሎት ይሰጣል። አንድ ሰፈር ከዚያ በላይ ከፈለገ በካርታ ድንበሩ ተለይቶ የጥገና ቀጠና ይሆናል፤ በድንበሩ ውስጥ ያሉ ባለ ንብረቶች ወጪውን ይጋራሉ። ለአረንጓዴ ቦታና ለመንገድ መብራት እንዲህ ያለ ክፍያ እንዲሰበሰብ የሚፈቅደው አንዱ የካሊፎርኒያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ነገሩ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የግዛቲቱ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ውሳኔ በድምፁ አጸደቀ። የቤት ግብር ከተገመተው ዋጋ አንድ በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ ተደነገገ። ባለ ቤቶች እፎይ አሉ፤ የከተሞች ካዝና ግን ሳሳ። ዛፉ መጠጣቱን፣ መብራቱ መቃጠሉን አላቆመም። ስለዚህ ከተሞች እንዲህ ወዳለው የሰፈር ክፍያ ዞሩ። ቆይቶ ሕዝቡ «ይህ ስሙን የቀየረ ግብር ነው» ብሎ አጉረመረመ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ደግሞ ፕሮፖዚሽን 218 ጸደቀ። ልጄ እጅ የገባው ፖስታ የዚህ ሕግ ውጤት ነው።

ሕጉ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት መሟላት አለባቸው የሚላቸውን ነገሮች በአራት ከፍዬ ላስረዳ።

አንደኛ፣ መሐንዲስ በጽሑፍ ሪፖርት ያቀርባል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ እያንዳንዱ ይዞታ የሚደርሰው ድርሻ ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይዘረዝራል። ድርሻው የሚለካው በቤቱ ዋጋ አይደለም፤ ይዞታው ከሥራው በሚያገኘው ልዩ ጥቅም ነው። መንገድ ዳር ያለው የግንባር ርዝመት፣ የቦታው ስፋት፣ መኖሪያ ነው ወይስ ሱቅ የሚሉት ነገሮች ይታያሉ።

ሁለተኛ፣ አጠቃላይ ጥቅም ተለይቶ ይቀነሳል። በዚያ መንገድ የሚያልፈው እንግዳ፣ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ከዛፉ ጥላ የሚቀመጠው ሰውም ይጠቀማል። የዚህን ያህሉን ወጪ በሰፈሩ ባለ ንብረቶች ላይ መጫን አይቻልም፤ ከሌላ ምንጭ መሸፈን አለበት። የመንግሥት ይዞታም ቢሆን ከሥራው የሚጠቀም ከሆነ ድርሻውን ይከፍላል።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ከ45 ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ባለ ንብረት በፖስታ ማስታወቂያ ይላካል። ጠቅላላው ወጪ፣ የእርሱ ድርሻ፣ ምክንያቱ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና የስብሰባው ቀን ይጻፋል። የድምፅ መስጫውም አብሮ ይላካል።

አራተኛ፣ በስብሰባው ቀን የተመለሱት ድምፆች ይቆጠራሉ። ተቃውሞው ከድጋፉ ከበለጠ ነገሩ ይቀራል። የድምፁ ክብደት ግን እንደ ክፍያው ነው። ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው ድምፅ መቶ ዶላር የሚከፍለውን አሥር እጥፍ ይመዝናል።

ከጸደቀ በኋላ ክፍያው ከቤት ግብሩ ጋር በአንድ ወረቀት ይመጣል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እስከ ታኅሣሥና እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ይከፈላል። ያልተከፈለው በቤቱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። በየሰፈሩ የተሰበሰበው ለዚያው ሰፈር ብቻ ነው የሚውለው። ዋጋ ሲወደድ ክፍያው ሊጨምር የሚችለው መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጥ በተጻፈው ስሌት ልክ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደገና ድምፅ መጠየቅ ግድ ነው።

ከዕድራችን ጋር ሳስተያየው

አንባብያን «አሜሪካ ያለ ነገር ሁሉ ፍጹም ነው ልትይን ነው?» እንዳትሉኝ። ስሰማው ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። በዕድራችን ባለ ፎቁም ባለ ጭቃ ቤቱም እኩል ያዋጣል፤ በጉባኤ ላይ እጁ እኩል ይቆጠራል። የሀብታም እጅ አሥር እጅ አይሆንም። እዚያ ግን ብዙ ይዞታ ያለው ሰው ድምፅ ይከብዳል። ክፍያውን ራሱ በቀጥታ የማይከፍል ተከራይ ደግሞ በኪራዩ ቢጨመርበትም ድምፅ የለውም። ልኬቱም ጥቅም እንጂ አቅም አይደለም፤ የጡረተኛዋ ቤትና የነጋዴው ቤት የግንባር ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ክፍያቸውም እኩል ነው።

ይሁን እንጂ ዕድርና ብሎክ አንድ አይደሉም። ሞት ለሁሉም እኩል ይመጣልና መዋጮውም እኩል ቢሆን ፍትሕ ነው። ፓምፕና ጣሪያ ግን ለሁሉም እኩል አያገለግሉም። ስለዚህ ከዕድር እምነቱን፣ ከዚያኛው ደግሞ ስሌቱን መውሰድ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ስሌት ከሌለ ደግሞ እምነትም እንደማይቆም እዚያው ሳንዲያጎ የሆነ ነገር አሳይቶኛል። ከመሀል ከተማው አጠገብ፣ ባልቦአ ከተባለው ትልቅ ፓርክ ጎን ጎልደን ሂል የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለ የጥገና ቀጠና ተቋቋመለት። ያልተስማሙ ነዋሪዎች ተደራጅተው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክፍያው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ሰፈሩ ጽዳት አያስፈልገውም ተብሎ አልነበረም። የመሐንዲሱ ሪፖርት አጠቃላዩን ጥቅም ከልዩ ጥቅሙ ለይቶ አላሰላም፤ ለከተማው ይዞታዎች የተሰጠው የድምፅ ክብደት እንዴት እንደተገኘም በአግባቡ አላሳየም። ለበጎ ሥራ የተሰበሰበ ገንዘብ ነው ማለት ብቻ ፍርድ ቤቱን አላሳመነውም። እኛ ብሎክ ውስጥ «የመጀመሪያው ምን ላይ ዋለ?» ያለው ጎረቤቴም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ስንመለስ ያደረግነው

አዲስ አበባ ስመለስ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠን መጀመሪያ የማኅበሩን መመሥረቻ ሰነድና መተዳደሪያ ደንብ አወጣን። አብዛኛው ነዋሪ አይቶት አያውቅም። ሁለተኛው ቤት የሚኖር ወጣት መሐንዲስ ነው፤ እሱ ጣሪያውን፣ ፓምፑን፣ ሮቶዎቹንና ጉድጓዱን አይቶ የሚያስፈልጋቸውን በአንድ ገጽ ጻፈልን። ከዚያ ስሌቱን ሠራን። ቁጥሮቹን ለመረዳት እንዲቀሉ አጠጋግቼ ላቅርብ።

የብሎካችን የዓመት ወጪ 180,000 ብር ነው። ይህን ለሁለት ከፈልነው። የመጀመሪያው ግማሽ፣ 90,000 ብር፣ ለጥበቃና ለደረጃ ጽዳት ነው፤ ለጥበቃ 72,000፣ ለጽዳት 18,000። ጠባቂው የሁሉንም በር እኩል ይጠብቃልና ይህ በበር ተከፈለ። ለሠላሳ ቤት ሲካፈል በወር 250 ብር ደረሰ።

ሁለተኛው ግማሽ 90,000 ብር እንዲህ ይከፈላል። ፍሳሽ ለማስነሳት 28,000፣ ለአምፖልና ለፓምፕ መብራት 20,000፣ ሮቶዎቹን ለማሳጠብ 6,000፣ ለትልልቅ ጥገና መጠባበቂያ 36,000። ይህ በቤት ስፋት ተካፈለ። የሁላችን ቤት ሲደመር 1,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ በወር ለአንድ ካሬ አምስት ብር ይመጣል። ከአምስቱ ብር ሁለቱ ለመጠባበቂያ ናቸው።

እንግዲህ 25 ካሬ የሆነችው ስቱዲዮ 250 እና 125፣ በድምሩ 375 ብር ትከፍላለች። 75 ካሬ የሆነው ባለ ሦስት መኝታ 250 እና 375፣ በድምሩ 625 ብር ይከፍላል። ሁሉም እኩል ይክፈል ቢባል ኖሮ እያንዳንዱ 500 ብር ይደርሰው ነበር። ሠንጠረዡን ደረጃው ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው ባለ ሦስት መኝታው ጎረቤታችን መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት። «ለምን እንደምከፍል ካወቅሁ ይበቃኛል» ብለው ፈረሙ።

«ደረጃ አልወጣም» ላለው የምድር ቤት ነዋሪ የሰጠነው መልስ ቀላል ነው። ጉድጓዱ ሲገነፍል መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው፤ የላይኞቹ «እኛ ጋ አይደርስም» ብለው ገንዘብ ቢከለክሉት ምን ይላል? እያንዳንዱን አምፖል በየጥቅሙ መከፋፈል ከጀመርን ሒሳቡን ለመሥራት የምናወጣው ገንዘብ ከአምፖሉ ይበልጣል። ብሎኩ ሥር ካፌ ወይም የፀጉር ቤት ያላችሁ ግን ብዙ ውሃ የሚጠቀመውን ለይታችሁ ብታሰሉ ተገቢ ነው።

የተከራይና የባለቤትን ክርክር ደግሞ በአንድ ሐረግ ፈታነው። የዕለት ወጪ ለነዋሪው፣ የዕድሜ ወጪ ለባለቤቱ። ጠባቂው፣ ጽዳቱ፣ አምፖሉና የፍሳሽ መኪናው ዛሬ እዚያ የሚኖረውን ሰው ያገለግላሉ። መጠባበቂያው ግን ፓምፕ የሚቀይር፣ ጣሪያ የሚጠግን፣ የቤቱን ዋጋ የሚያቆይ ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ ያከራየ ሰው በወር 50 ብር ለመጠባበቂያ ይከፍላል፤ ተከራዩ የቀረውን 325 ይሸፍናል። ዱባይ የምትኖረው የአራተኛ ፎቅ ባለቤት ስሌቱ በስልክ ሲደርሳት የዓመቱን መጠባበቂያ በአንድ ጊዜ ላከች። «እስከ ዛሬ ገንዘብ ላኪ ብቻ ነበር የምትሉኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገራችሁኝ አሁን ነው» አለች።

ጉባኤው ድምፅ የሰጠው በዕድር ወግ ነው፤ ለአንድ ቤት አንድ እጅ። ገንዘቡ በሁለት ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገባ። በየወሩ የገባውና የወጣው ከደረሰኝ ቅጂ ጋር ደረጃው ሥር ይለጠፋል።

የማይችለውስ?

ነገሩ ሁሉ በስሌት አያልቅም። ከብሎካችን ነዋሪዎች አንዷ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ባለ ሁለት መኝታ ቤታቸው በስሌቱ ከ500 ብር በላይ ይደርሰዋል፤ የጡረታ አበላቸው ግን መድኃኒታቸውን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ስብሰባው ላይ አንድ ሰው ቅን አስቦ «እትዬን ነፃ እናድርጋቸው» አለ። እሳቸው አንገታቸውን አቀረቀሩ። ማታ ቡና ይዤ ስሄድ «ሲስተር፣ ስሜ ሠንጠረዡ ላይ ‹ነፃ› ተብሎ እንዲለጠፍ አልፈልግም። አርባ ዓመት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ሰው ደረጃ ላይ ሲያልፈኝ እንዲያዝንልኝ አይደለም» አሉኝ።

ይህን ንግግራቸውን ኮሚቴው ፊት ደገምኩት። ከዚያ በቃለ ጉባኤ የሰፈረው ውሳኔ እንዲህ የሚል ነው። ግማሹን በገንዘብ ይከፍላሉ፤ ለሌላው ግማሽ የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ ይይዛሉ። የተጻፈው «የተቀነሰላቸው» ተብሎ ሳይሆን «የሒሳብ መዝገብ ያዥ» ተብሎ ነው። አሁን ደረሰኝ ያልያዘ ወጪ በእሳቸው በር አያልፍም። ሊቀመንበሩ ራሱ የአምፖል ደረሰኝ ጠፍቶበት ተመልሶ ሱቅ ሄዷል።

መክፈል የሚችልና የማይከፍል ሰው ሌላ ነው። እሱን ከማይችለው ጋር መቀላቀል ለሁለቱም አይበጅም። እኛ ዘንድ ዕዳው ስም ሳይጠራ በቤት ቁጥር ይመዘገባል፤ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ከማኅበሩ ማስረጃ ሲፈለግ መጀመሪያ ይህ ይታያል።

ዓመቱ ሲሞላ ከሠላሳው ቤት ሃያ አራቱ በየወሩ ይከፍላሉ፤ አራቱ ዘግይተው ይከፍላሉ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ናቸው። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ ተነሳ። ጥር ላይ ፓምፑ ተቃጥሎ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ከመጠባበቂያው አዲስ ተገዛ፤ ማንም የማንንም በር አላንኳኳም። ያን ጊዜ ታቅፌው የወጣሁት ሕፃን ዛሬ በዚያው በር ላይ ኳስ ያንከባልላል።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ

የእናንተ ብሎክ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይሞላ ይችላል፤ ምናልባት የእናንተ ችግር የሚያፈስ ጣሪያ ወይም ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ይሆናል። የትኛውም ቢሆን መዋጮ ሲባል ከመክፈላችሁም ከመከልከላችሁም በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች አንሡ።

ገንዘቡ ለምን ሥራ ነው፣ ዝርዝሩስ በጽሑፍ አለ ወይ? የእኔ ድርሻ እንዴት ተሰላ፣ የጎረቤቴስ? ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለዕለት፣ ስንቱ ለመጠባበቂያ ነው? ክፍያው እንዲጨምር የሚወስነው ማን ነው፣ ከስንት ቀን በፊትስ ይነገረናል? የማይችል ሰው ክብሩ ሳይነካ በምን መንገድ ይስተናገዳል?

ኮሚቴው አምስቱንም መመለስ ከቻለ ሳትግደረደሩ ክፈሉ። መመለስ ካልቻለ ደግሞ በሩን አትዝጉበት፤ ወንበር ስቡና አብራችሁ አስሉ። የኮሚቴ አባላት ደመወዝ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከስድብ ይልቅ እገዛ ይሻቸዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? ሎሚዎቹን መቁጠርና ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን መለየት ግን ገና ከማንሣታችን በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ብትጀምሩት ይሻላል።